«ጎንበስ ስል ለምን ትሸናለች?» ከሰንሰለት የመጣች ፈሪ ውሻን ስለ ማላመድ

ጥያቄ፦ ደሴ፣ ሆጤ አካባቢ ነው የምንኖረው። ከሦስት ሳምንት በፊት ከአንድ ሥጋ ቤት ጓሮ፣ አጭር ሰንሰለት ላይ ታስራ የኖረች ሁለት ዓመት ገደማ የሚሆናት ቡላ ሴት ውሻ ባለቤቱን ለምነን አመጣን። ቡሌ ብለናታል። ከመጣች ጀምሮ ከማድ ቤቱ ጀርባ ካለው የማገዶ ክምር ሥር ገብታ አልወጣም አለች። የምትበላው ሌሊት፣ ሰው ሲተኛ ነው። ሳህኗን ላስቀምጥ ጎንበስ ስል መሬት ላይ ተለጥፋ ትንቀጠቀጣለች፤ ትሸናለችም። የ9 ዓመት ልጄ ሊዳብሳት እጁን ሲሰድ አጉረመረመችበት። አንዱ ጎረቤት «በግድ ይዘሽ አቅፈሽ ዋይ፣ ትለምዳለች» ይለኛል። ሌላው «አስርቢያት፣ ከእጅሽ ካልሆነ አትብላ» ይላል። ግቢው የጋራ ነው፤ ሙስሊም ጎረቤቶች አሉን፤ እንዳናስቀይማቸውም እሰጋለሁ። ለመሆኑ ተስፋ አላት? ከየት ልጀምር? ማሰርስ አለብኝ?

ምላሽ፦

ተስፋማ አላት። በጻፉት ውስጥ ሦስት ደግ ምልክቶች አሉ። አንደኛ፣ ሌሊትም ቢሆን ትበላለች፤ ፍርሃቱ ከልክ ያለፈ ውሻ ሁለት ሦስት ቀን ምግብ ዞር ብሎ አያይም። ሁለተኛ፣ መሸሸጊያ መርጣ እዚያው ረግታለች፤ መውጫ ፍለጋ አጥር ለአጥር አትዞርም። ሦስተኛ፣ ልጁ ላይ አጉረመረመች እንጂ አልነከሰችም። ይህን የመጨረሻውን ብዙ ሰው ክፋት አድርጎ ይቆጥረዋል፤ እኔ ከሦስቱ ይበልጥ ደስ ያሰኘኝ እሱ ነው። ምክንያቱን ስለ ልጁ ስንነጋገር እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ስለ ጎንበስ ማለት። ጎዳና ላይ ወይም ሥጋ ቤት ጓሮ የኖረ የአገራችን ውሻ አንድ ነገር ጠንቅቆ ያውቃል፦ ሰው ጎንበስ ካለ ድንጋይ ሊያነሳ ነው። ሸዋ በርም ይሁን ኮምቦልቻ ገበያ፣ የጫማዎን ክር ሊያጠብቁ ዝቅ ቢሉ በሃያ እርምጃ ርቀት የቆመው ውሻ ጅራቱን እግሩ መሃል ከቶ ይሮጣል። ድንጋይ አልያዙም፤ ውሻውንም አላዩትም። እሱ ግን ወገብ ሲታጠፍና እጅ ወደ መሬት ሲወርድ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ በጎድኑ ተምሮታል። ቡሌ ደግሞ መሮጥ እንኳ አትችልም ነበር፤ ሰንሰለቱ ይመልሳታል። መሸሽ የተከለከለ ውሻ የሚቀረው ወይ መንከስ ወይ መሬት ላይ መለጠፍ ነው፤ እሷ መለጠፉን መርጣለች። ሽንቱም ከዚሁ ጋር የሚመጣ ነው። ቡችላ በትልቅ ውሻ ፊት እንዲህ ያደርጋል፤ «ከአንተ በታች ነኝ፣ አትንካኝ» እንደ ማለት ነው። በቁጣ ከመለሱላት ልመናዋ አልተሰማም ማለት ነውና በሚቀጥለው ቀን ይብሳል። አይተው እንዳላየ ይለፉት፤ ወደ ማገዶዋ ከተመለሰች በኋላ በውኃና በሳሙና ይጠቡት።

ስለዚህ ከነገ ጀምሮ ሳህኑን እያየችዎት ጎንበስ ብለው አያስቀምጡ። ወይ እሷ ከክምሩ ጀርባ ሳለች ጥግ ዞረው አስቀምጠው ይሂዱ፤ ወይ መጀመሪያ በርጩማ ላይ ይቀመጡና ጎንዎን ሰጥተዋት፣ ፊትዎን ወደ ሌላ አድርገው፣ ሳህኑን በጎን በኩል መሬት ያስነኩት። በእግርዎ ገፋ አያድርጉላት፤ እርግጫንም ታውቃለች። ነጠላዎን ያደግድጉ ወይም ውስጥ ይተዉት፤ ነፋስ ያነሳው የነጠላ ጫፍ ለእንዲህ ዓይነት ውሻ ዱላ ሲሰነዘር ነው። ጃንጥላ፣ መጥረጊያ፣ የወንዶቹ ከዘራ ከዚያ መተላለፊያ ይራቁ።

የጎረቤቶችዎን ሁለት ምክሮች ለየብቻ ልያቸው፤ ሁለቱም በየሰፈሩ የሚነገሩ ናቸውና። በግድ ታቅፎ የተያዘ ውሻ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ መንቀጥቀጡን ሊያቆም ይችላል። ሰው ያኔ «ለመደች» ይላል። አልለመደችም፤ ተስፋ ቆርጣ ደርቃለች። ጡንቻዋ እንደ ድንጋይ ነው፤ ዓይኗ ፈጦ አንድ ቦታ ያያል፤ ሥጋ ቢሰጧት አትበላም። የተማረችውም ሰው ከደረሰባት ማምለጫ እንደሌላት ነው። እንዲህ የተያዙ ውሾች ኋላ ላይ ሳያጉረመርሙ ይነክሳሉ። ማስራቡም ከዚህ አይሻልም። የተራበ ውሻ በረሃብና በፍርሃት መሃል ተወጥሮ ይመጣል፦ አንገቱ ወደ እጅዎ ተስቦ የኋላ እግሮቹ ለሽሽት ተዘርግተው። ቁራሹን መንትፎ ሲዘል ጣት አብሮ ሊይዝ ይችላል። ሲጠግብ ደግሞ ፍርሃቱ ካለበት አልተነቃነቀም። ዋናው ምግቧ በነፃ፣ ያለ ሰው፣ በቂ ሆኖ ይቅረብላት። ከእርስዎ ጋር የምትማርበት ምግብ ከዚያ በላይ የሆነ፣ የሚያስጎመጅ ነገር ይሁን።

ይህ ሁሉ ሥራ የቆመው በአንድ ነገር ላይ ነው፦ ርቀቱን የምትወስነው እሷ ናት። ሰንሰለቱ የወሰደባት መራቅ መቻልን ነው፤ እሱን እስክንመልስላት ድረስ መቅረብን አትማርም።

አሁን መኖሪያዋን እናስተካክል። የማገዶ ክምር መጥፎ ቤት ነው፤ በየቀኑ እንጨት ይነሳበታል፣ ግንድ ይንሸራተታል፣ መጥረቢያ አጠገቡ ይፈልጣል። ግን አያፍርሱባት። ከክምሩ ሁለት ሦስት እርምጃ ራቅ ብሎ፣ ጀርባው ግድግዳ ላይ፣ አፉ ወደ መተላለፊያው ሳይሆን ወደ ጎን የሆነ ሣጥን ይሥሩላት። ለእሷ ዓይነት ውሻ 90 ሳ.ሜ. ርዝመት፣ 60 ወርድ፣ 60 ከፍታ ይበቃል፤ መግቢያው ከ35 እስከ 40 ሳ.ሜ. ይሁን። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ከጦሳ የሚወርደው የሌሊት ብርድ ቀላል አይደለም። ስለዚህ ወለሉን በጡብ ወይም በጣውላ ከመሬት 10 ሳ.ሜ. ያንሱት፤ በርከት ያለ ጭድ ይነስንሱበት፤ ላዩን በማዳበሪያ ጆንያ ይሸፍኑ። ጭዱ ሲርስ ይቀየር፤ እርጥብ ጭድ ይሻግታል፣ ቁንጫም ይራባበታል። የማታ ምግቧን በየቀኑ አንድ እርምጃ ወደ ሣጥኑ እያስጠጉ መጨረሻ ላይ አፉ ውስጥ ያድርጉት። ወደዚያ እስክትዛወር ማገዶ የሚወሰደው ከክምሩ ሌላኛው ጫፍ፣ በአንድ የታወቀ ሰዓት ብቻ ይሁን። ፈለጣው ደግሞ ከግቢው ወዲያኛው ዳር ይሂድ። ውኃ ሁልጊዜ ይኑራት፤ 15 ኪሎ የምትመዝን ውሻ በቀን አንድ ሊትር ያህል ታስፈልጋታለች።

አንድ ሰው ይመረጥ። እርስዎ ከሆኑ እርስዎ ብቻ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ለምሳሌ ጠዋት 1 ሰዓትና ማታ 11 ሰዓት፣ ጥግ ከመዞርዎ በፊት «ቡሌ፣ መጣሁ» ይበሉ፤ ሁልጊዜ ያንኑ ቃል፣ በዚያው ለስላሳ ድምፅ። ለፈሪ ውሻ ድንገተኛ ነገር ሁሉ ክፉ ነው፤ ደግ ነገር እንኳ ድንገት ከመጣ ያስደነግጣል።

ቀጥሎ የርቀቱን ልክ ይፈልጉ። በርጩማዎን ይዘው ከክምሩ 10 እርምጃ ላይ ይቀመጡና አንድ ቁራሽ ሳንባ ይወርውሩላት። እያየችዎት ከበላች ልኩ ያ ነው። አፍንጫዋን ብቻ አንቀሳቅሳ ካልበላች ወደ 12 ወይም 15 ይራቁ። ግቢው ጠባብ ከሆነና መራቅ ካልተቻለ መሃል ላይ የማዳበሪያ መጋረጃ ይጋርዱ፤ ወይም በር ገርበብ አድርገው ከውስጥ ይወርውሩ። መብላት አለመብላቷ ከሁሉ የታመነ መለኪያዎ ነው፤ በብርቱ የፈራ አካል ምግብ አይፈልግም።

ቁራሹ የሽምብራ ፍሬ ታህል። ለአንድ ጊዜ ከ10 እስከ 15 ቁራሽ፣ ከ5 ደቂቃ ያልበለጠ ጊዜ፣ በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ። ረጅም አንድ ሰዓት ከመቀመጥ አጭር ሦስት ጊዜ ይበልጣል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር ቅደም ተከተሉ ነው። ሩሲያዊው ሐኪም ኢቫን ፓቭሎቭ፣ በ1904 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ያገኘው፣ ውሾች ላይ ያየው ይህንን ነበር፦ ምልክቱ ቀድሞ ምግቡ ከተከተለ ውሻው ለምልክቱ ራሱ ምራቁ ይመጣል። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ግን አይሠራም። በእርስዎ ቤት ምልክቱ እርስዎ ነዎት። መጀመሪያ ታይዎት፤ አንድ ሁለት ሦስት ብለው ይቁጠሩ፤ ከዚያ ቁራሹ ይወርወር። የፌስታሉን ኮሽታ አስቀድመው ካሰሟትና እርስዎ ኋላ ከመጡ፣ ኮሽታው «ሴትዮዋ ልትመጣ ነው» የሚል ማስጠንቀቂያ ይሆንባታል፤ ምግቡንም ትጠራጠራለች። ስለዚህ ቁራሹ ኪስ ውስጥ፣ ያለ ፌስታል፣ በትንሽ ጨርቅ ተጠቅልሎ ይሁን።

የት እንደሚወረውሩም አስቡበት። ሰው በልማድ ቁራሹን ወደ ራሱ እያስጠጋ እንደ መንገድ ይደረድርና ውሻዋን ይስባል። ሥጋው ይጎትታታል፣ ስትበላ ቆይታ ቀና ስትል ሰው አፍንጫዋ ሥር ነው፤ ትደነግጣለች፣ ከነገ ጀምሮ ወጥመድ መሆኑን አውቃዋለች። እርስዎ በተቃራኒው ከኋላዋ ይወርውሩ። ወደ እርስዎ አንድ እርምጃ ከመጣች ሽልማቷ ከበስተኋላዋ ይውደቅ፤ ዞራ ትሂድ፣ ትብላ። በዚህ ሁለት ነገር ታገኛለች፦ ሥጋውንና መራቁን። መራቅ ለእሷ ከሥጋው ያላነሰ ዋጋ አለው። ከጥቂት ቀን በኋላ በልታ በራሷ ዞራ ትመለሳለች። ያ መመለስ የራሷ ነው፤ ማንም አልጎተታትም።

ሦስት ጊዜ በተከታታይ ሰውነቷ ሳይወጠር ከበላች በርጩማውን ግማሽ እርምጃ ያስጠጉ። አንድ ቀን ካፈገፈገች ወደ ቀድሞው ርቀት ይመለሱና ሁለት ቀን እዚያው ይቆዩ። አንድ ብርቱ ድንጋጤ ከገጠማት፣ ቆርቆሮ ወድቆ ወይም ልጆች ጮኸው፣ አንድ ሁለት ቀን ምንም ሳይሞክሩ ይተዉዋት፤ ድንጋጤው ከሰውነት የሚወጣው ከዓይን በዘገየ ነው።

የቡና ሰዓት ለዚህ ሥራ የሚስማማ ጊዜ ነው፤ ሰው በዝቅታ ተቀምጦ፣ ሳይሯሯጥ፣ ከአቦል እስከ በረካ ይቆያል። ከልኳ ርቀት ውጪ አፍልተው በመሃል በመሃል ዞር ሳይሉ አንድ አንድ ቁራሽ ይጣሉላት። መጀመሪያ የቤት ሰው ብቻ፤ የቡና ጎረቤት ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ አንድ አንድ እየተጨመረ። ቡናው ቤት ውስጥ ይወቀጥ፤ የዘነዘና ድምፅ እንዲህ ላለች ውሻ ብርቱ ነው።

ሰውነቷን ማንበብ ይልመዱ። ጆሮዋ በቡችላነቷ ተቆርጦ እንደሆነ ከሱ ምንም አያገኙም፤ ሌላውን ይዩ። ሳትራብ ምላሷን አፍንጫዋ ላይ ታደርጋለች፤ እንቅልፍ ሳይመጣ ታዛጋለች፤ ፊቷን ዞር አድርጋ የዓይኗን ነጭ በጠርዝ ታሳይዎታለች፤ አንድ የፊት እግሯን አንስታ ትቆማለች። እነዚህ «በቃኝ» ናቸው፤ ያኔ ይራቁ። ድርቅ ብላ አፏን ከገጠመች ግን ከዚያ ቀጥሎ ማጉረምረም ወይም ጥርስ ነውና ሳይቸኩሉ፣ ጎን ለጎን፣ ጀርባ ሳይሰጡ ይሂዱ። በተቃራኒው አፏ ላላ ካለ፣ ራሷን እንደ ረጠበ ውሻ ካራገፈች፣ መሬት እያሸተተች በዙሪያዎ ከዞረች መልካም እየሄዱ ነው። ጅራት መወዝወዝ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ዝቅ ብሎ በፍጥነት የሚወዛወዝ ጅራት የጭንቀት ነው።

የመጀመሪያዋ ቀን መጥታ ጉልበትዎን ስታሸት እጅዎን አያንሱ። ይህ ከባድ ነው፤ ሰው ሦስት ወር ጠብቆ ያቺ አፍንጫ ስትነካው ዝም ማለት አይሆንለትም። ግን ልታሸት እንጂ ልትዳበስ አልመጣችም። አሥር ጊዜ አሽታ ምንም ካልሆነች በኋላ እጅዎ ጭንዎ ላይ እንዳለ መዳፍዎን ይክፈቱ። መዳፉ ላይ አገጯን ካሳረፈች ወይም ደረቷን ካስጠጋች ከደረቷ ጎን ለ3 ሰከንድ ብቻ ያሻሿትና ያቁሙ። ይጠብቁ። ከተጠጋች ይድገሙ፤ ባለችበት ከቆመች ወይም ከራቀች ለዛሬ በቃ። በራሷ ላይ ከላይ የሚወርድ እጅ፣ ጀርባ መምታት፣ ማቀፍ፣ ዓይን ዓይኗን ማየት ለወራት አይሞከሩ።

አሁን ልጁ። ማጉረምረሟ «እባክህ አትቅረብ» ነው፤ ከመንከስ በፊት ያለው የመጨረሻው ጨዋ ቃል። በዚህ የተቆጡት ወይም የተመታ ውሻ ማጉረምረሙን ይተዋል፤ ፍርሃቱን ግን አይተውም፤ ቀጥሎ ሳይናገር ይነክሳል። ስለዚህ ቃሏን ያክብሩላት። ልጅዎን በሦስት ነገር ያስምሉት፦ ወደ ሣጥኗና ወደ ክምሩ አይሄድም፤ ስትበላ አይቀርባትም፤ እርስዎ ከሌሉ ከእሷ ጋር ግቢ ውስጥ ብቻውን አይቆይም። ሥራም ይስጡት፣ ልጅ ከተከለከለ በድብቅ ይሄዳልና። ደረጃው ላይ ተቀምጦ ከርቀት ቁራሽ ይወርውርላት፤ መጽሐፉን ድምፅ አውጥቶ ያንብብላት። በአንድ ድምፅ የሚነበብ ንባብ ለፈሪ ውሻ ጥሩ ነው፤ ልጁም ዓይኑ ገጹ ላይ ስለሚሆን አያፈጥባትም። ድንገት ወደ እሱ ብትመጣ እንደ ዛፍ ይቁም፦ እጅ ወደ ታች፣ ዓይን ወደ ጫማ፣ ዝም።

ስለ ምግቡ። ሳንባ ርካሽ ነው፣ ውሻም ይወደዋል። ግማሽ ሰዓት ቀቅለው፣ ያለ ጨውና ያለ በርበሬ ከትፈው እንደ ቋንጣ ቢያደርቁት ለሳምንታት ይቆያል። የዓቢይ ጾም 55 ቀን ሲገባ አስቀድመው ያድርቁ፤ ካለቀም የሙስሊም ሥጋ ቤቶች ክፍት ናቸው፤ ለውሻዋ ነውና ከዚያ ይግዙ። ጉበት በጣም ትንሽ፤ ሲበዛ ያስቀምጣታል። የተቀቀለ እንቁላል መልካም ነው። የዕለት ምግቧ እንጀራም ገንፎም ሊሆን ይችላል፣ ሥጋ ነክ ነገር ከተጨመረበት። የወጥ ትራፊ ግን አይስጧት። የወጥ መሠረቱ ሽንኩርት ነው፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ ጥሬም ሆነ የበሰለ፣ የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል፤ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ሲሆን ደሟ ሳይታወቅ ያልቃል፤ ድካሙንም ሰው «አሁን ረጋች» ብሎ ይወስደዋል። የተቀቀለ አጥንትም ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል።

የሥጋ ቤት ጓሮ ውሻ መሆኗ ሌላ የሚያሳስብ ነገር አለው። በውኃ የተሞላ ከረጢት ያለበት ሳንባና ጉበት ለሰው አይሸጥም ተብሎ ለውሻ ይጣላል። በዚያ ከረጢት ውስጥ ያለው ተውሳክ በውሻ አንጀት ወደ ትንሽ የኮሶ ትል ያድጋል፤ እንቁላሉ በኩስ ወጥቶ ወደ ሰው ሲገባ በሰው ጉበትና ሳንባ ውስጥ ያንኑ ከረጢት ይሠራል። ስለዚህ የእንስሳት ሐኪሙን ፕራዚኳንቴል ያለበት የትል መድኃኒት በክብደቷ ልክ ይጠይቁ፤ በምን ያህል ጊዜ እንደሚደገምም ይንገርዎት። ኩሷን በአካፋ አንስተው ይቅበሩ፤ ልጅዎ እጁን ሳይታጠብ አይብላ። ጥሬ የሆድ ዕቃ ከእንግዲህ በፍጹም አትቅመስ።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ግን እስክትላመድ አይጠብቅም። መንካት የማይቻል ውሻ እንዴት ይከተባል? በገመድ አሯሩጦ በአራት ሰው መያዝ የሦስት ሳምንት ሥራዎን በአንድ ጠዋት ያጠፋዋል፤ አደጋም አለው። ሣጥኗ በር የሚዘጋ ከሆነና ውስጥ መብላት ከለመደች፣ ሳትደናገጥ ዘግተው ሐኪሙን ቤት ማስመጣት ወይም ከነሣጥኗ መውሰድ ይቻላል። ካልሆነም በምግብ የሚሰጥ ማረጋጊያ ሐኪሙ አስልቶ ይሰጥዎታል። ያን ቀን የሚይዛት እርስዎ አይሁኑ፤ ሌላ ሰው ይያዛት፣ እርስዎ ከዚያ በኋላ ሥጋ ይዘው የሚመጡት ይሁኑ። አንድ ቀን መደንገጧ ለክትባቱ የሚከፈል ዋጋ ነው፤ ይከፈላል። ክትባቱ በየዓመቱ ይደገም። ደሴ ላይ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት አለ፤ በየወረዳውም የእንስሳት ክሊኒክ አለ፤ ውሻ እንደሚቀበሉ አስቀድመው ይጠይቁ። በዚያው ቀን ስለ ማምከንም ይነጋገሩ። በስድስት ወር ገደማ አንዴ የሚመጣው የድሪያ ጊዜ የሰፈሩን ወንድ ውሻ ሁሉ አጥርዎ ሥር ያመጣዋል፤ ለፈሪ ውሻ ያ መከራ ነው፤ ከ63 ቀን ገደማ በኋላ ደግሞ ቡችሎች።

ይህን ልብ ይበሉ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ከተነከሰች በኋላ ሳምንታትና ወራት ተደብቆ ሊቆይ ይችላል፤ ቀድሞ ይዟት ከነበረ የአሁኑ ክትባት አያድናትም። በመጀመሪያዎቹ ወራት ባሕርይዋ በድንገት ከተለወጠ፣ መንጋጋዋ ከወረደ፣ ምራቅ ካዝረበረበች፣ መዋጥ ካቃታት «አጥንት ተሰንቅሯት ነው» ብለው እጅዎን አፏ ውስጥ አይክተቱ፤ ዘግተው ሐኪም ይጥሩ። ማንንም ብትነክስ ወይም ብትቧጭር ቁስሉ ለ15 ደቂቃ በሚፈስ ውኃና በሳሙና ይታጠብ፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይኬድ። ውሻዋ አትገደል፤ ተዘግታ 10 ቀን ትታይ፤ የሰውየው ሕክምና ግን ውጤቱን አይጠብቅም። ጸበልም ሆነ የባህል መድኃኒት የሚሻ ይውሰድ፣ ክትባቱን ግን አይተኩትም፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ ሰው አይተርፍም ማለት ይቻላል።

የቆዳ እከክ ወይም መዥገር ካዩባት ለከብት የተሠራውን መርጫ በግምት አያፍስሱባት፤ የከብቱን አይቨርሜክቲንም በዓይን ልክ አያስወጉ። የሰው ማስታገሻም ይቅር፤ አይቡፕሮፌን የውሻን ሆድና ኩላሊት ያበላሻል። ሕመም ግን ራሱ ፍርሃት ያስመስላልና ጥርሷን፣ ጆሮዋንና ሰንሰለቱ የነበረበትን አንገት ሐኪሙ ይይልዎት፤ አጭር ሰንሰለት አንገት ላይ ጠጉር ሸፍኖት የማይታይ ቁስል ይተዋል። እዚያ ላይ ማሰሪያ ማድረግ ያስነክሳል።

ወደ ጎረቤቶችዎ ስንመጣ፣ ችግሩ ውሻ መኖሩ ሳይሆን ምራቋ ነው። ከእስልምና የሕግ መንገዶች አንዱ በሆነው በሻፊዒ መዝሀብ የውሻ ምራቅ የነካው ዕቃ ሰባት ጊዜ ይታጠባል፣ አንዱ በአፈር ነው። ስለዚህ የእሷ ሳህን ምልክት ያለው፣ ለብቻው የሚቀመጥ ይሁን፤ በጋራው ቧንቧ ሥር አይታጠብ፣ ውኃ በጀሪካን ወስደው ራቅ ብለው ይጠቡት። ሣጥኗ ለሶላት ከሚወጡበትና ውዱእ (ከሶላት በፊት ያለውን መታጠብ) ከሚያደርጉበት መንገድ ይራቅ። እጅ መላስም አያስለምዷት፤ ዛሬ የእርስዎን ከላሰች ነገ የጎረቤትን ቀሚስ ትልሳለች። አስቀድመው ሄደው ያሳሰበዎትን ራስዎ ቢነግሯቸው ይበልጣል፤ የተጠማ ውሻ ማጠጣት አጅር፣ ማለትም ከፈጣሪ ምንዳ፣ እንዳለው ከእኛ በፊት የሚያውቁ ናቸውና።

ቡሄ ሲደርስ የጅራፉ ጩኸት፣ ክረምት ሲገባ ነጎድጓዱ፣ ሌሊት የጅቡ ድምፅ ያስበረግጋታል። በእነዚህ ቀናት ምንም ነገር አይሞክሩ፤ የግቢው በር ይዘጋ፣ ሣጥኑ ላይ አንድ አሮጌ ጋቢ ይደረብ። አስቀድመው አጥሩን ይዙሩ፤ የቆርቆሮው ሥር ከ10 ሳ.ሜ. በላይ ክፍት ከሆነ በድንጋይ ይድፈኑት፤ ከፍታውም ከ1.8 ሜትር አያንስ። በብዙ ከተሞቻችን ባለቤት የሌለው ውሻ በመርዝ ሲገደል ኖሯል፤ ያመለጠች ፈሪ ውሻ ደግሞ ለጠራት ሰው አትመጣም።

ማሰር አለብኝ ወይ ላሉት፦ አይሰሯት። ሰንሰለት መሸሽን ነጥቆ መንከስን ብቻ ይተውላታል። የአንገት ማሰሪያ፣ ሰፊ ጨርቅ ያለው፣ ስልክ ቁጥርዎ የተጻፈበት፣ መዳበስ ከፈቀደች በኋላ ይደረግላት፤ ሁለት ጣት በምቾት የሚገባበት ልክ። መንገድ መውጣት ያለባት ቀን ሲመጣ አንገቷ ላይ ሳይሆን ደረቷና ጀርባዋ ላይ የሚያርፍ ማሰሪያ ይሁን፤ የፈራ ውሻ ወደ ኋላ ሲጎትት የአንገቱ ይወልቃል።

ስንት ጊዜ ይፈጃል? ቡችላ ከሰው ጋር በቀላሉ የሚላመደው ከ3ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ቡሌ ያኔ ደግ እጅ አግኝታ ከነበረ በሁለት ሦስት ወር ብዙ ታያላችሁ። ካላገኘች ዓመት ይፈጃል፤ የቤቱን ሰው ወድዳ እንግዳን ዕድሜዋን በሙሉ የምትርቅ ልትሆን ትችላለች። ይህም ጥሩ ኑሮ ነው። ስድስት ሳምንት በዚህ መንገድ ተጉዘው ርቀቱ አንድ እርምጃ እንኳ ካልቀነሰ ሐኪሙን ስለ ማረጋጊያ መድኃኒት ያማክሩ፤ እንደ ፍሉኦክሴቲን ያሉት ሥራቸው የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ነው፤ በራስ ፈቃድ አይጀመሩም፣ በድንገትም አይቋረጡም።

ነገ ጠዋት በርጩማውን አሥር እርምጃ ላይ ያድርጉት፤ ነጠላውን ውስጥ ይተዉት፤ 12 ቁራሽ ይቁጠሩ። ከግድግዳው ጋር የተጣበቀ ወረቀት ላይ ቀኑን፣ ስንት እርምጃ ላይ እንደተቀመጡና ስንቱን ቁራሽ እያየችዎት እንደበላች ይጻፉ። አንድ ጠዋት መጥተው «ቡሌ፣ መጣሁ» ሲሉ ከክምሩ ሥር የሚያዩት ዓይኗ ሳይሆን ጀርባዋ ከሆነ፣ ሳትዞር ተኝታ ከቀጠለች፣ ያንን ቀን በቀይ እስክርቢቶ ያስምሩበት።